«ደርሻለሁ» ሲባል የት ደርሶ ነው? የሳይት ሠራተኞች መግቢያ እንዴት እንደሚመዘገብ

ባሕር ዳር ላይ ቢሮ ያለው አንድ ሥራ ተቋራጭ በአንድ ጠዋት ሰዎቹን በአራት አቅጣጫ ሊያሰማራ ይችላል፤ ጥቂቱን ቀበሌ 14 የሕንፃ ፊኒሺንግ ላይ፣ ጥቂቱን ዘንዘልማ የውሃ መስመር ቁፋሮ ላይ፣ አንዱን ቡድን መሸንቲ፣ ሌላውን በጀልባ ወደ ዘጌ። ከጠዋቱ 2፡00 ላይ ማን ደረሰ፣ ማን ቀረ፣ ማን ገና መንገድ ላይ ነው የሚለውን ቢሮ ያለው ሰው በዓይኑ አያይም። የሚያውቀው በስልክ፣ በወረቀት ወይም በመተግበሪያ ከሚደርሰው ነው። ድርጅቶች ከፊርማ ወረቀት ወደ ስልክ በዞሩ ቁጥር ጥያቄው ይበዛል፦ ስልኬ ይከታተለኛል ወይ? ኔትወርክ ከሌለስ? ያረፈድኩት 5 ደቂቃ ሆኖ የሩብ ሰዓት ለምን ተቆረጠብኝ?

መግቢያ መመዝገብ ምኑን ያረጋግጣል?

ደመወዝ የሚሠራው ክፍል አራት ነገር ማወቅ ይፈልጋል፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለየትኛው ሥራ። አራቱንም ብቻውን የሚያረጋግጥ ዘዴ የለም። ጂፒኤስ ስልኩ የት እንዳለ ይናገራል እንጂ ስልኩን ማን እንደያዘው አያውቅም። የጣት አሻራ ማሽን ሰውየውን ያውቃል፤ ማሽኑ ራሱ ከሳይቱ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ቢተከል ግን ልዩነቱን አያይም። የፊርማ ወረቀት ሁሉንም ይዟል ይባላል፣ ነገር ግን እያንዳንዱን በሰው ታማኝነት ላይ ጥሎ ነው።

አምስተኛ ነገር አለ፤ ሥራው መሠራቱ። እሱን የትኛውም የመግቢያ መዝገብ አይነግርም። 2፡00 ላይ የገባ ሰው እስከ 4፡00 ስቶር በር ላይ ሲሚንቶ እስኪወጣለት ቆሞ ሊሆን ይችላል። ይህ የዕለት ሥራ ሪፖርት ጉዳይ ስለሆነ ከመግቢያ መዝገብ ጋር ባይቀላቀል ይሻላል። ሲቀላቀል ፎርማኑ «ያልሠራ አልገባም» እያለ ስም መሰረዝ ይጀምራል፤ ያኔ መዝገቡ መዝገብነቱ ያበቃል።

«ደረሰ» የሚባለው የት ሲደርስ ነው?

በዚህ ርዕስ ላይ ከሚነሣው ጭቅጭቅ አብዛኛው ከመሣሪያው ሳይሆን ከዚህ ጥያቄ የሚመነጭ ነው። ከተማ ውስጥ ላለ ሕንፃ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ በሩ ነው። ሆኖም በሩ ላይ የገባ ሰው ልብስ ቀይሮ፣ ሔልሜትና ጓንት ተቀብሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ እስኪደርስ ሩብ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አንዱ ፎርማን ከበሩ፣ ሌላው ከፎቁ ከቆጠረ በአንድ ድርጅት ውስጥ ሁለት ሕግ ይኖራል።

የዘጌው ቡድን ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ሠራተኞቹ 1፡30 ላይ ባሕር ዳር ወደብ ተሰብስበዋል፤ ጀልባው ነዳጅ እስኪሞላ፣ የአርማታ ብረት እስኪጫን 2፡15 ሆነ፤ ዘጌ ሲወርዱ 3፡20። ሥራ የጀመሩት መቼ ነው? መተግበሪያው የተስተካከለው ዘጌ ላይ ብቻ ከሆነ ሁሉም አርፋጅ ሆነው ይመዘገባሉ። ወደቡ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጀልባውን አምልጦት ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው «ገብቷል» ተብሎ ይቀራል። የሚሠራው መፍትሔ ሁለት ምዝገባ ነው፦ ወደብ ላይ «ተነሣሁ»፣ ዘጌ ላይ «ደረስኩ»። የሚከፈለው ሰዓት ከየትኛው እንደሚቆጠር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ፣ ሠራተኛው ከመሰማራቱ በፊት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ለምሳሌ፦ «በድርጅቱ ጀልባ ለሚጓዝ ሠራተኛ የሥራ ሰዓት የሚጀምረው ወደብ ላይ ከተመዘገበበት ሰዓት ነው፤ ዘጌ ላይ ካልተመዘገበ የወደቡ ምዝገባ አይያዝም።» ይኸው ነው። ይህች ሁለት መስመር ከማንኛውም ውድ መተግበሪያ ይልቅ ክርክር ታስቀራለች።

ሁለት ጊዜ መመዝገቡ ሌላም ጥቅም አለው። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ተነሥቶ ጀልባው ከዘገየ፣ ባሕር ዳር ያለው ሰው ጀልባው ውስጥ ስንት ሰው እንዳለና እነማን እንደሆኑ ማወቅ አለበት። ስለዚህ የተሳፋሪው ዝርዝር ጀልባዋ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም፤ ወደብ ላይ ላለ ሰው አንድ ቅጂ ይሰጣል፣ ወይም ፎቶው ተነሥቶ ከመነሣት በፊት ይላካል። ሲመለሱም የሚቆጠረው በዝርዝሩ ስም እየተጠራ ነው። «ሁላችንም አለን» የሚለው መልስ ቆጠራ አይደለም። ጥልቅ ቁፋሮ ላይም እንዲሁ ነው፤ አፈር ከተናደ የመጀመሪያው ጥያቄ ውስጥ ስንት ሰው ነበር የሚል ነው።

ክረምት ላይ ፎገራ ሜዳ ላይ ለሚሠሩ ቡድኖች ሦስተኛ አማራጭ ያስፈልጋል። ርብና ጉማራ ወንዞች ሲሞሉ መኪናው ጭቃው ጋ ይቆማል፤ ከዚያ በእግር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን «መንገድ ተዘግቷል» የሚል የምዝገባ ምክንያት ከሌለ ሠራተኛው ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል፣ ወይም ፎርማኑ እያወቀ የውሸት መግቢያ ይሞላል። ሁለቱም መዝገቡን ያበላሹታል።

5 ደቂቃ አርፍጄ ለምን ሩብ ሰዓት?

ሥርዓቱ ሰዓቱን ስለሚያጠጋጋ ነው። ብዙ የደመወዝ ሶፍትዌር መግቢያን ወደ ቀጣዩ 15 ደቂቃ ከፍ፣ መውጫን ወደ ኋላ ዝቅ ማድረግ ይችላል። በቀን 600 ብር የሚከፈለው ሰው ለ8 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 75 ብር ያገኛል፤ 20 ደቂቃ ማርፈድ 25 ብር ነው። ማጠጋጋቱ ግን በቀን 15 ደቂቃ ቢወስድበት፣ በ26 የሥራ ቀን 6 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም 487 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ትንሽ ገንዘብ አይደለም። የሚሻለው አሠራር ትክክለኛውን ደቂቃ እንዳለ መዝግቦ ግልጽ የሆነ የትዕግሥት ጊዜ፣ ለምሳሌ 10 ደቂቃ፣ መስጠት ነው። ከዚያ ያለፈው በደቂቃው ልክ ይሰላል። ማጠጋጋት ግድ ከሆነም በመግቢያም በመውጫም ወደሚቀርበው ሩብ ይሁን፤ አንዴ ለድርጅቱ፣ አንዴ ለሠራተኛው ያደላል።

ጂፒኤስ ያለ ዳታ ይሠራል?

ይሠራል። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስልክ ወደ ሳተላይት ምንም አይልክም፤ የሚያደርገው ማዳመጥ ብቻ ነው። እንደ ሬዲዮ ነው፦ ጣቢያው ያሰራጫል፣ ማን እንደሚሰማው ግን አያውቅም። ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩት ሳተላይቶች ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ያሰራጫሉ፤ ስልኩ ቢያንስ የአራቱን ምልክት ሲይዝ፣ ምልክቱ ለመድረስ ከፈጀበት ጊዜ ተነሥቶ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ለዚህ ሲም ካርድም አያስፈልግም።

ዳታ የሚጠቅመው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፍጥነት፦ እያንዳንዱ ሳተላይት ስለራሱ ምሕዋር የሚናገረውን መረጃ አንድ ዙር ለመጨረስ 30 ሰከንድ ይፈጃል፤ ዳታ ካለ ስልኩ ይህንን ከኢንተርኔት ወስዶ ቦታውን ቶሎ ያገኛል። ዳታ ከሌለ ክፍት ሰማይ ሥር አንድ ሁለት ደቂቃ መቆም ነው። ሁለተኛው፣ የተመዘገበውን ወደ ቢሮ መላክ ነው። ይህ ግን ማታ ከተማ ሲገባም ይደርሳል።

ሳይቱ ላይ ቆሜ «ከቦታው ውጭ ነህ» ለምን ይለኛል?

መተግበሪያው ካርታ ላይ የማይታይ አጥር አለው። ባለሙያዎቹ ጂኦፌንስ ይሉታል፤ አንድ መሃል ነጥብና ራዲየስ ነው። ስልኩ ከአጥሩ ውስጥ ነኝ ካለ መግቢያውን ይቀበላል።

ክፍት ሰማይ ሥር የስልክ ጂፒኤስ ስሕተት 5 ሜትር ገደማ ነው። በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ በሶሌታ ሥር ወይም ቤዝመንት ላይ ግን ምልክቱ ይጋረዳል፣ ከግድግዳ እየነጠረም ይመጣል፤ ስሕተቱ በአሥር ሜትሮች ይጨምራል። ጨርሶ ሲጠፋ ስልኩ ወደ ቴሌ ማማዎች ግምት ይዞራል፤ ያኔ ስሕተቱ በመቶ ሜትሮች ወይም በኪሎ ሜትር ነው። ሐይቅ ዳር ደግሞ ውሃው ላይ ምልክት የሚጋርድ ነገር ስለሌለ ስልኩ ከሩቅ ማማ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ ሽምብጥ የቆመ ሰው ውሃ መሃል ሆኖ ካርታው ላይ ቢታይ አይገርምም። የዚህ መድኃኒቱ ሰውየውን ውሸታም ማለት ሳይሆን መተግበሪያው የስሕተቱን መጠን አብሮ እንዲመዘግብ ማድረግ ነው። ስሕተቱ ከ50 ሜትር በላይ ከሆነ ምዝገባው አይሠረዝም፤ «ወደ ክፍት ቦታ ውጣና አንድ ደቂቃ ጠብቅ» ይበል።

የራዲየሱ ልክ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ በራሱ እንዲመዘግብ ከተፈለገ የአንድሮይድ ምክር ቢያንስ ከ100 እስከ 150 ሜትር ነው። ነገር ግን ፔዳ አካባቢ ባለ ጠባብ ቦታ ላይ 150 ሜትር ማለት ማዶ ያለውን ቡና ቤት ይጨምራል፤ ማኪያቶ እየጠጣ «ገባ» የሚባል ሰው ይኖራል። ለጠባብ ሳይት ከ50 እስከ 75 ሜትር አድርጎ ሠራተኛው ራሱ እንዲጫን ማድረግ ይሻላል። ረጅም ሳይት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ እንዲህ ያለ ሳይት መሃል ላይ 150 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ቢሰመር በሁለቱም ጫፍ 40 ሜትር ውጭ ይቀራል። ለመንገድና ለቧንቧ መስመር ክብ አይሆንም፤ መስመሩን ተከትሎ የተሰመረ ቅርጽ፣ ወይም በየ200 ሜትሩ የሚደጋገሙ ክቦች ያስፈልጋሉ። ቁፋሮው በየሳምንቱ ወደፊት ሲሄድ አጥሩም አብሮ መሄድ እንዳለበት የሚረሳ ቢሮ ብዙ ነው።

የአጥሩ መሃል ነጥብ በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ሲሞላ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንዱ አኃዝ መቁረጥ ነው፦ ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ብቻ ከተያዘ አንድ እርምጃው 110 ሜትር ገደማ ነው፣ አራት ከሆነ 11 ሜትር፣ አምስት ከሆነ አንድ ሜትር። አምስት አኃዝ ይያዝ። ሌላው መገለባበጥ ነው። ባሕር ዳር 11.59 ሰሜን፣ 37.39 ምሥራቅ ላይ ናት፤ ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ከተለዋወጡ ሳይቱ ሜዲትራንያን ባሕር ላይ፣ ቱኒዚያና ሲሲሊ መካከል ያርፋል። አንድ ቡድን በሙሉ «ከቦታው ውጭ» ከተባለ በመጀመሪያ ይህንን ማየት ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋስ?

ደኅና መተግበሪያ መግቢያውን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ኔትወርክ ሲመለስ ይልካል። አደጋው ሰዓቱ ላይ ነው። 3፡00 ላይ የደረሰ ሰው የስልኩን ሰዓት ወደ 2፡00 መልሶ ሊጫን ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ ሦስት ዓይነት ሰዓት ይያዝ፦ ስልኩ የሚያሳየውን፣ ከሳተላይት የመጣውን፣ መረጃው ቢሮ የደረሰበትን። የሳተላይቱን ሰዓት ሠራተኛው ቅንብር ውስጥ ገብቶ ሊቀይረው አይችልም። የስልኩና የሳተላይቱ ሰዓት ከተለያዩ ምዝገባው ለፎርማኑ ማጣሪያ ይቀርባል፤ በራሱ አይሰረዝም፣ ምክንያቱም ባትሪው አልቆ የጠፋ አሮጌ ስልክም ሲበራ የተሳሳተ ሰዓት ሊያሳይ ይችላል። የውሸት ቦታ የሚያሳዩ መተግበሪያዎችም አሉ፤ አንድሮይድ ቦታው በእነዚህ የተፈጠረ መሆኑን ለመተግበሪያው ይጠቁማል፣ ጥቁምታውን ማንበብ የሠሪው ፋንታ ነው።

2፡00 ነው 8፡00?

ሌላ አገር የተሠራ ሶፍትዌር ጠዋት ሁለት ሰዓትን 08፡00 ብሎ ይጽፋል፤ ፎርማኑ ወረቀት ላይ 2፡00። ቢሮ ያለችው ጸሐፊ ወረቀቱን እንዳለ ኤክሴል ላይ ስታስገባ ኤክሴል 2፡00ን ሌሊት 8 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። መግቢያው 2፡00፣ መውጫው 11፡00 ሲሆን ልዩነቱ ትክክል ይወጣል፤ ስለዚህ ስሕተቱ ለወራት ሳይታይ ይቆያል። የሚፈነዳው የምሽት ትርፍ ሰዓት ወይም የሌሊት ዘበኛ ሲመጣ ነው።

ዘበኛው ሰኞ ምሽት 12፡00 ገብቶ ማክሰኞ ጠዋት 12፡00 ይወጣል። ኤክሴል ልዩነቱን ዜሮ ይላል። በ24 ሰዓት አቆጣጠር 18፡00 እና 06፡00 ተብሎ ቢገባም ሶፍትዌሩ ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ይቆርጠዋል፤ ሰኞ መውጫ የሌለው መግቢያ፣ ማክሰኞ መግቢያ የሌለው መውጫ ይሆናል። ለጥበቃ ሠራተኞች የቀን መቁረጫው ቀን 6 ሰዓት ላይ ይደረግ። ወረቀት ላይ ደግሞ «ጠ» እና «ም» የሚል አምድ ይጨመር፤ ወደ ኤክሴል ሲገባ 6 ሰዓት የሚደምረው ወይም የሚቀንሰው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሁለት ሰው ከደመረው 2፡00 14፡00 ይሆናል።

ላልመጣ ሰው የሚፈርመውስ?

በር ላይ የተለጠፈ ኪውአር ኮድ ብቻውን አያስቆመውም፤ አንዱ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ለጓደኛው ይልከዋል፣ ጓደኛው አልጋው ላይ ሆኖ ስካን ያደርጋል። ኮዱ በታይም ኪፐሩ (የሠራተኞችን ሰዓት በሚመዘግበው ሰው) ስልክ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጥ ከሆነ ወይም ከቦታ ምዝገባ ጋር ከተጣመረ ቀዳዳው ይጠብባል። የጣት አሻራ ቢሮ ውስጥ ጥሩ ነው፤ ሲሚንቶና ጡብ የሚነካ እጅ ላይ ግን የአሻራው መስመር በሲሚንቶው አልካሊና በፍትጊያ ይበላል፣ አቧራውም መስታወቱን ይሸፍናል። አሻራ ግድ ከሆነ የሁለት እጅ ሦስት ሦስት ጣት ይመዝገብ፣ ሰውየው ከሥራ በፊት ታጥቦ ይንካ፣ መስታወቱ በየጠዋቱ በለስላሳ ጨርቅ ይወልወል።

ወረቀትም ተንቆ የሚጣል አይደለም። በእስክሪብቶ እንጂ በእርሳስ አይፈረም። 2፡10 ላይ ታይም ኪፐሩ ከመጨረሻው ፊርማ ሥር በቀይ ያሰምርና ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ከመስመሩ በታች ነው። ወዲያው ፎቶ አንሥቶ ለቢሮ ይልካል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሲላክ ፎቶው መቼና የት እንደተነሣ የሚናገረው መረጃ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ይቆያል። ከዚህ ጋር በወር ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ቀኑ ሳይነገር፣ ከሌላ ክፍል የመጣ ሰው እኩለ ቀን ላይ ስም እየጠራ ይቁጠር። ስም ብቻ እንጂ አካል የሌላቸው የቀን ሠራተኞች የሚገኙት እዚህ ላይ ነው።

ስማርት ስልክ የሌለውስ?

ታይም ኪፐሩ በአንድ ስልክ ሁሉንም ይመዘግባል፣ ወይም በኤስኤምኤስ ይልካል። ኤስኤምኤስ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል፦ መልእክቱ ውስጥ አንድ የግእዝ ፊደል እንኳ ካለ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ምልክት ነው፤ አኃዝ ብቻ ከሆነ 160። ባለ አራት አኃዝ የሠራተኛ ቁጥር ከነክፍተቱ አምስት ምልክት ስለሚወስድ፣ በአኃዝ ብቻ 32 ሰው በአንድ መልእክት ይሄዳል። «ገብተዋል» የሚል ቃል ከተጨመረ ከ14 አይበልጥም። የሳይቱን ቁጥር መጀመሪያ ላይ አድርጎ ቁጥሮቹን ማስከተል ይበቃል።

አለቃዬ ቤቴ ድረስ ያየኛል?

ስልኩ ላይ በተሰጠው ፈቃድ ይወሰናል። መተግበሪያው የቦታ ፈቃድ ሲጠይቅ ምርጫዎች ይመጣሉ፦ ሁልጊዜ፣ መተግበሪያው ሲከፈት ብቻ፣ አይፈቀድም። ገብቶ ለሚጫንበት ምዝገባ ሁለተኛው በቂ ነው። «ሁልጊዜ» የሚጠይቅ ድርጅት ለምን እንደሚያስፈልገው ማስረዳት አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጣት አሻራንና የመሳሰለውን ባዮሜትሪክ መረጃ ጥንቃቄ የሚሻ የግል መረጃ ውስጥ ይመድበዋል። ለመግቢያ የተሰበሰበ አሻራ ለሌላ ጉዳይ አይዞርም፤ ሠራተኛው ሲለቅም ማሽኑ ላይ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

መዝገቡ ሕግ ፊት ምን ያደርጋል?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አያልፍም። ክፍያው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ከላይ ያልነው ዘበኛ ከምሽቱ 12 ቢጀምር ስምንት ሰዓቱ ሌሊት 8 ላይ ያልቃል፤ የቀረው አራት ሰዓት በ1.75 ነው፣ እንዲህ ያለው ፈረቃም በሦስት ሌሊት የሳምንቱን ጣሪያ ይሞላል። መግቢያና መውጫው በደቂቃ ካልተያዘ ይህን ማስላት አይቻልም።

በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ፣ ወይም በድምሩ 5 ቀን የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። ስለዚህ አንድ የተሳሳተ «አርፍዷል» ተራ ነገር አይደለም። ድርጅቱ ባዘጋጀው ሰርቪስ ሲጓዝ የደረሰ ጉዳትም የሥራ ላይ ጉዳት ሆኖ ይቆጠራል፤ ማን መኪናው ወይም ጀልባው ላይ እንደነበረ የሚመሰክረው የመነሻ ምዝገባው ነው።

ስሕተት ሲገኝ ማን ያርማል?

ሠራተኛው የራሱን መዝገብ በየሳምንቱ ማየት ይችል፤ የወር መጨረሻ ላይ ያለፈውን ሦስተኛ ሳምንት የሚያስታውስ የለም። ማረሚያው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ይጠየቅ፣ ፎርማኑ ያቅርበው፣ ቢሮ ያጽድቀው። የቀድሞው ሰዓት አይጠፋም፤ ከጎኑ አዲሱ ሰዓት፣ ያረመው ሰው ስምና ምክንያቱ ይጻፋል። ወረቀት ላይ በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበታል፣ በነጭ ቀለም አይሸፈንም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ሊነሣ ስለሚችል፣ ወረቀቱም ፋይሉም ቢያንስ እስከዚያ ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ ክርክር ከተጀመረ ደግሞ እስኪያልቅ።